ሰባተኛው ጥያቄ

ታንግ ሩዪ ያን ዕለት ከእንቅልፏ ስትነሳ ያገባች ሴት ከተባለች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ሠርጉ ገና ነው፤ ለመኸር በዓል ተቀጥሯል። የጋብቻው ቀይ ደብተር ግን መሳቢያዋ ውስጥ አለ፣ ማኅተሙም አርፎበታል። ፎቶው ላይ ከከተማው ሆስፒታል ምክትል ኃላፊ ልጅ ከቼንግ ጎን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ፈገግ ብላለች። ፈገግታውም ቢሆን የራሷ አይደለም። ፎቶ አንሺው «ኧረ ትንሽ ሳቅ በይ እህቴ፣ ለመንጃ ፈቃድ እኮ አይደለም!» ስላላት የመጣ ነው።

ተነስታ የጨርቅ ጫማዋን አደረገች። ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ልጆች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። በማዳመጡ ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚቆም ፈታኝ የሚጮህ ጫማ አያደርግም፣ አያስልም፣ አይራመድም። ሩዪ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆነች በዚህ ፈተና ላይ መቆም አልነበረባትም። የተመደበውን የሒሳብ መምህር በዋዜማው ቁርጠት ያዘውና በሱ ምትክ ስሟን አስገቡት። የሰውዬው ሆድ ደህና ሆኖ ቢያድር ኖሮ በዚያ ቀን አትሰማውም ነበር። መስማቱ ይሻላት ነበር ወይስ አለመስማቱ? እሱን እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። በሊያንሹ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ለሰባት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን፣ በድምፅ ማጉያው የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ልምምድ ይለቀቃል። ሁለት ሺህ ተማሪ ሩዙ ከጉሮሮው ሳይወርድ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እርሳሱን ቀስሮ፣ ትኬት ስለሚቆርጥ ሰውዬና ዣንጥላ ስለጠፋባት ሴትዮ ያዳምጣል። ታዲያ አንድ ቀን ማጫወቻው ጭስ ተፋና አረፈው። ርእሰ መምህሩም ሁለት መምህራን ጠርቶ፣ «አዲስ እስኪገዛ በአፋችሁ አንብቡላቸው» አለ። ወንዱን ገንግ ባይሻን፣ ሴቷን ታንግ ሩዪ። አዲሱ ማጫወቻ እስከ ግንቦት አልተገዛም።

እንግዲህ አንድ ማይክሮፎን መሀል አድርገው፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ ስምንት ወር ሙሉ ሲነጋገሩ አስቡት። አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ ትኬት ይሸጥላታል። በማግሥቱ ሐኪም ሆኖ ሳሏን ከመቼ ጀምሮ እንደያዛት ይጠይቃታል። በሦስተኛው ቀን እሷ የሆቴል እንግዳ ሆና ክፍሉ ቀዘቀዘኝ ትለዋለች፣ እሱም ሌላ ብርድ ልብስ እልክልሻለሁ ይላታል። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ያለ ነው፤ ከራሳቸው አንዲት ቃል አልጨመሩም። ድምፅ ግን አይደበቅም። ልጆቹ ከሁለቱም ቀድመው አወቁ። ፔይ የምትባል ምላሷ የማያርፍ ተማሪ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ የዛሬዋ አስተናጋጅ ደንበኛውን ወዳዋለች መሰለኝ፣ ልክ ነኝ?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ሩዪ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ረጃጅሞቹ ንግግሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚነበቡት። በአንደኛውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ጥቂት ሰከንድ ዝምታ አለ። በዚያች ዝምታ ባይሻን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጽፍላታል።

«ዣንጥላሽ አንድ ሽቦው ተሰብሯል። ስጪኝ ልሥራልሽ።»

እሷም ከሥሩ፣ «ተወው። እንዲሁ ነው የምወደው» ብላ ትመልሳለች።

«እኔንስ?»

መልስ ሳትጽፍ ማይክሮፎኑን ትከፍተውና ሁለተኛውን ንባብ ትጀምራለች። በዚያን ቀን ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሁለት ሺህ ሰው ሰምቶታል።

ባይሻን የኮንትራት መምህር ነው። ውሉ በዓመት በዓመት ይታደሳል፣ ካልታደሰ ደግሞ በቃ። አባቱ ሄኮ በምትባል መንደር ሁለት የዓሣ ገንዳ አላቸው፤ ልጁም እንግሊዝኛውን የለመደው ጎህ ሲቀድ መኖ እየበተነ በትንሽ ሬዲዮ ነው። የሩዪ እናት ግን ዳይሬክተር ፋንግ ናቸው፤ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ የእንግሊዝኛ ኃላፊ! እሳቸው ሲገቡ ርእሰ መምህራን የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ብድግ ይላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል፣ ይህንንም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ያስታውሷታል።

በመጋቢት ሩዪ ጨክና ነገረቻቸው።

«እማዬ፣ አንድ ሰው አለ።»

«አውቃለሁ» አሉ እናቷ ከሚያነቡት ወረቀት ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ሁለት ሺህ ተማሪ ያወቀውን እኔ አጣዋለሁ?»

«አልተቆጣሽም?»

«ምን ያስቆጣኛል? አሁን ሥራ በዝቶብኛል። በሚያዝያ መጨረሻ እሑድ ምሳ ይምጣ። አባቱንም ይዞ ይምጣ፣ እንተዋወቅ።»

ሩዪ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እናቷም ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት፤ በዚያውም የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

ሳምንት ሳይሞላ ባይሻን ከመጨረሻው ክፍል ተነስቶ አዲስ ገቢዎቹን እንዲያስተምር ታዘዘ። «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ርእሰ መምህሩ «እረፍት ነው ወንድሜ፣ አንተን የሚያክል ዕድለኛ የለም» አለው፤ ዓይኑን ግን አላየውም። ባይሻን ውርደቱን ዋጠው። «እሑድ ብቻ ይድረስ» አላት ለሩዪ። «ሁለት ዓሣ ይዤ እመጣለሁ። አንዱ ለሾርባው፣ አንዱ ለእናትሽ ቁጣ።» ሩዪም ሳቀች። እንዲያ ከልቧ የሳቀችበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነው።

እሑድ ደረሰ። አራት ወንበር፣ አራት ሳህን፣ የጎድን ሥጋና የሎተስ ሥር ሾርባ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ስልኩ ተዘግቷል። ስምንት ሰዓት ላይ ሾርባው ላይ ስቡ ረጋ። ሩዪ መስኮቱ አጠገብ ቆማ መንገዱን ስታይ እናቷ ማንኪያቸውን አነሱ።

«ነይ እንብላ። ሾርባው ምን አጠፋ?»

ሰኞ የባይሻን ጠረጴዛ ባዶ ነበር። በብርጭቆው ውስጥ የዓርቡ ሻይ ግማሹ ቀርቷል። ርእሰ መምህሩ «ፈቃድ ወስዷል» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሩዪ ሦስት ሌሊት ካሰበች በኋላ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። የመጨረሻውን ፈተና የሚያወጡ መምህራን በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ድንገት ይጠራሉ። ከአንድ ግቢ ገብተው ይዘጋባቸዋል። ስልካቸውን በር ላይ ያስረክባሉ፣ ለሚስታቸው እንኳ የት እንዳሉ አይነግሩም፣ የፈተናው የመጨረሻ ደወል ሳይደወል አይወጡም። ስማቸውን ከአውራጃው የሚልከው ደግሞ የእናቷ ቢሮ ነው።

«እማዬ፣ ባይሻን ለፈተና ማውጣት ተወስዶ ይሆን?»

ዳይሬክተር ፋንግ መጀመሪያ አልገባቸውም መሰሉ። ከዚያ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ማን? እሱ? ልጄ፣ ለዚያ ሥራ የሚመረጠው ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ዓሣ ቀላቢ ነው የክፍለ ሀገር ፈተና የሚያወጣው? ደግሞስ ስም የምልከው እኔ አይደለሁ? ልኬው ቢሆን አላውቅም?»

እውነት ነው፣ እንዴት ሊሆን ይችላል? ሩዪ ራሷን ታዘበች። ተስፋ እንዲህ ያቄላል እንዴ ብላ አፈረች።

በቀጣዩ እሑድ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄኮ ሄደች። የባይሻን አባት ገንዳው ዳር መኖ ይበትኑ ነበር። በብርዱ ወራት ስትመጣ «ልጄ፣ ጭቃው እንዳይጥልሽ» ብለው የራሳቸውን ቦት ጫማ ያጫሟት ሰው ናቸው። ዛሬ ሲያዩዋት ቆመው እጅ ነሱ።

«እንደምን ዋሉ መምህርት።»

«አባባ፣ ባይሻን የት ነው?»

«ደቡብ ሄደ። ለሥራ። የተሻለ ደመወዝ አገኘሁ ብሎ።»

«ሳይነግረኝ?»

ሽማግሌው እፍኝ መኖ በተኑ። ዓሦቹ ውኃውን አራወጡት።

«ለወጣት ከተማ ይሻለዋል። እርስዎም ይርሱት።»

«እስቲ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ!»

አላዩዋትም። ያንን ጊዜ ነው የሩዪ ልብ የቆረጠው። ከቦርሳዋ አንድ የማዳመጥ ልምምድ ወረቀት አወጣችና ገልብጣ፣ እዚያው ገንዳው ዳር ተቀምጣ፣ በእርሳስ ጻፈች።

«ገንግ ባይሻን፦ እናቴ ዓሣ ቀላቢ ስትልህ ስሟገትልህ ነበር። ልክ ነበረች። ትቼሻለሁ ለማለት እንኳ ወኔ ይጠይቃል፤ አንተ ግን ውሸትህን ለሽማግሌ አባትህ አሸክመህ ጠፋህ። እሳቸውም እንዳንተ ናቸው፣ ሰው ዓይን ማየት አይችሉም። የገንዳችሁ ሽታ ከልብሴ እስኪለቅ እጠበዋለሁ። ካንተ ጋር የተናገርኩት ሁሉ የፈተና ወረቀት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም። እንዳትጽፍልኝ።»

«ለሄደበት ይላኩለት» ብላ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ሳያነቡ አጥፈው በደረት ኪሳቸው አስገቡት፣ ከላዩም በመዳፋቸው ጫን አደረጉት። ከዚያ ሁለት ዓሣ በፌስታል አድርገው እጇ ላይ አስያዟት። «ባይሻን ለእርስዎ ቤት ይሁኑ ብሎ ነበር» አሉ። ሩዪ ዓሦቹን የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወረወረቻቸው። ማታ የጻፈችውን ሁሉ ለእናቷ በቃሏ ነገረቻቸው፣ ትንሽም ኩራት ነበረባት።

አዲሱ ማጫወቻ ተገዝቶ የማያውቁት ሰዎች ድምፅ ሲለቀቅ ፔይ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የኛ ሰውዬ የት ሄደ?»

«ባቡር ተሳፈረ» አለች ሩዪ።

«ትኬቱን አንቺ ቆረጥሽለት?» ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሩዪም አብራ ልትስቅ ሞከረች። ጠመኔው በእጇ ላይ ተሰበረ።

ያን ማታ እናቷ ያስተዋወቋት ቼንግ እራት ጋበዛት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልኩን እያየ ይበላል፣ የምትበላውን ሳይጠይቃት ያዝላታል። እናቷ ስትመለስ በር ላይ ጠበቋትና «እንግዲህስ?» አሏት። «እሺ» አለች። አንዲት ቃል ናት፣ «እሺ»። በሳምንቱ ቀዩን ደብተር ወሰዱ። የሠርግ ከረሜላውን ለመምህራኑ ያደሉት ዳይሬክተር ፋንግ ራሳቸው ናቸው። በየጠረጴዛው ላይ አንዳንድ ቀይ ሣጥን አስቀመጡ። ለፔይና ለጓደኞቿም ከተረፈው አፈስ አፈስ አደረጉላቸው። ባይሻን ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ እንደሌላው ሁሉ አንድ ሣጥን አኖሩ።

«ለሱ ምን ያደርጋል?» አለች ሩዪ።

«ድርሻው ነው። ሲመጣ ይበላዋል።»

ሲመጣ? አለች በልቧ። እናቷ ቀልደው መሰላት፤ ቀልዱም ከረሜላውን በአፏ ላይ አመረረው።

ወደ ፈተናው ቀን እንመለስ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከተማዋ ትንፋሿን ዋጠች። መንገዱ ተዘጋ፣ የሕንፃ ሠራተኞች መዶሻቸውን ጣሉ፣ የክፍሉ ማራገቢያ ቆመ። ከአጥር ውጭ ወላጆች ፀሐይ ላይ ተደርድረው አንዱ ሌላውን በጣቱ ዝም ያሰኛል። ሠላሳ ልጅ፣ ሠላሳ እርሳስ። ሩዪ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከጥቁር ሰሌዳው በላይ የተሰቀለችው ካሜራ እሷንም ልጆቹንም ታያለች።

የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ንግግሮች አለፉ። እነሱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ናቸው። ከስድስተኛው ጀምሮ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው። የማታውቃት ሴትና የማታውቀው ወንድ በእንግሊዝኛ መነጋገር ጀመሩ።

«እሑድ ጠበቅኩህ» አለች ሴቲቱ። «ምሳው ቀዘቀዘ። ምነው ቀረህ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅዳሜ ማታ ለሥራ ድንገት ተጠራሁ። ስልኬን በር ላይ ተቀበሉኝ፣ ደብዳቤ መላክም አይቻልም ነበር።»

«ትተኸኝ የሄድክ መስሎኝ ነበር።»

«እንዴት ትቼሽ እሄዳለሁ? ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ለሰባት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን፣ አስብሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«በመጪው እሑድ ከአባቴ ጋር እመጣለሁ። ሁለት ዓሣ ይዘን። ዣንጥላሽንም ስጪኝ፣ የተሰበረውን ሽቦ ልሥራልሽ።»

«ተወው» አለች ሴቲቱ። «እንዲሁ ነው የምወደው።»

ከዚያ ዝም አለ። ያቺ ጥቂት ሰከንድ ዝምታ መጣች፤ ባይሻን በእርሳስ የሚጽፍባት ዝምታ። ሩዪ እጇን በአፏ ላይ ልታደርግ አነሳችና ካሜራዋን አይታ አወረደች። መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ማልቀስም ድምፅ አለው። ምላሷን ነከሰች፣ ደም ደም አላት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ መጮህ የፈለገች ሴት እሷ ብቻ ናት፣ እንዳትጮህ ደሞዝ የሚከፈላትም እሷ ናት።

ሁለተኛው ንባብ ጀመረ። እሑድ ጠበቅኩህ። ምሳው ቀዘቀዘ። ትተኸኝ የሄድክ መስሎኝ ነበር። እንዴት ትቼሽ እሄዳለሁ?

ስድስተኛው ጥያቄ፦ ሰውየው እሑድ ምን ይዞ ይመጣል? ሰባተኛው ጥያቄ፦ ሰውየው ለሴቲቱ ያልደወለው ለምንድን ነው? ኤ፣ ረስቷት። ቢ፣ ተቆጥቷት። ሲ፣ ስልክ ስላልነበረው።

ሩዪ ከቆመችበት የሚቀርቧት ልጆች ወረቀት ይታያታል። አንዱ ሦስተኛዋን ሣጥን አጠቆረ። ጎኑ ያለችውም ሦስተኛዋን። ከፊት ያለውም። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ወረቀቱ ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ታሽጎ ሲያልቅ ዳይሬክተር ፋንግ የተቆጣጣሪነት ካርዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በኮሪደሩ ሲመጡ አገኘቻቸው።

«እማዬ፣ ስሙን የላክሽው አንቺ ነሽ?»

እናቷ ማን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም። «ቀስ በይ፣ ሰው አለ።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ተፈታኞቹን የሚያስተምር ሰው አይመረጥምና፣ በመጋቢት ከመጨረሻው ክፍል ያስነሳሁትም ለዚሁ ነው። በኮንትራት እያለ ከክፍለ ሀገሩ ፈተና አውጪዎች ጋር የተቀመጠ እሱ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሥራ ስለሠራ በመስከረም ቋሚ ይሆናል። እኔ ሰው አላጠፋሁም ሩዪ፣ ሰው ሾምኩ።»

«ጠየቅኩሽ እኮ! ፊትሽ ቆሜ ጠየቅኩሽ!»

«አትናገሩ የሚል ሕግ አለ። ሕግ አከበርኩ።»

«አባቱስ? ያ ሽማግሌ?»

«ለእሳቸውም የደወልኩት እኔው ነኝ። ደቡብ ሄደ ይበሉ፣ አንዲት ቃል ካመለጠችዎት ልጅዎ ይታሰራል አልኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ምስጢሩን ጠበቁ።»

እናቷ ጠጋ ብለው የሸሚዟን አንገትጌ አስተካከሉላት፣ ድምፃቸውንም እንደ ጥሩ አስተማሪ ዝቅ አደረጉት።

«እኔ ያደረግኩት አንድ ወር በር መዝጋት ነው፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ያን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። «እሺ» ያልሽው አንቺ ነሽ። ከቼንግ ጎን ጥርስሽን ያሳየሽው አንቺ ነሽ። አንድ ወር ያልጠበቅሽውን ሰው ዕድሜ ልክሽን ልትጠብቂው ነበር?»

ሩዪ የእናቷን እጅ ከአንገትጌዋ ላይ አንስታ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ወረደች።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ገና ከትምህርት ቤቱ አጥር አልወረደችም ነበር። ከአንድ ሚኒባስ ባይሻን ቦርሳ ይዞ ወረደ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጢሙ አድጓል። በር ላይ ሲያያት ሰላም እንኳ ሳይል ሮጠ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«ሊያወጡት ነበር እኮ! አንዱ ሽማግሌ፣ ስለ ዓሣ ማን ይጠይቃል፣ አጥፋው ብሎ ሦስት ቀን አስጨነቀኝ። ተሟገትኩ። ፈተናው ላይ ባትኖር እንኳ ነገ ለልጆቹ መልሱን ስትሠራላቸው ታየዋለች፣ ያኔ ይገባታል አልኩ በልቤ።»

«ሁለት ጊዜ ሰማሁት» አለች ሩዪ።

ባይሻን ሳቀ። ያንን ሳቅ ስምንት ወር በማይክሮፎን አጠገብ የሰማችው ነው። «ቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣሁት። ቤትም አልደረስኩ፣ ስልኬም አልበራ ብሎኛል። አባቴ ተጨንቆ ይሆናል። እሑድ እንመጣለን፣ እ? አሁንስ እናትሽ ምን ይሉኛል፣ ራሳቸው አይደሉ የመረጡኝ! ያንቺ እናት ትልቅ ሰው ናቸው ሩዪ፣ ተሳስተን ነበር።»

ሩዪ የሽማግሌውን የደረት ኪስ አሰበች፣ ከላዩ ጫን ያለውን መዳፍ።

«ቤት አትሂድ» አለችው።

«እንዴ፣ ለምን?»

እንዴት ብላ እንደምትጀምር አፏን ስታሟሽ ከጀርባዋ ሩጫ ተሰማ። ፔይ ናት፣ የፈተና ካርዷ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ።

«ቲቸር! ቲቸር! ሰባተኛው ሲ ነው አይደል? ስልክ አልነበረውም የሚለው? እንዴ፣ ቲቸር ባይሻን! የት ጠፍተህ ነው? የቲቸር የሠርግ ከረሜላ አመለጠህ! ውይ አላመለጠህም፣ ጠረጴዛህ ላይ የድርሻህ ተቀምጧል፣ እኔ አይቼዋለሁ።»

የባይሻን ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ፊቱ ላይ ጥቂት ቆየ፣ የሚሄድበት ያጣ መሰለ። ወደ ሩዪ ዞረ፣ እሷ ደግሞ የሽማግሌውን አደረገች፤ ዓይኑን ማየት አልቻለችም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ በዝግታ።

«ዘጠኝ ቀን።»

«ዘጠኝ ቀን» አለ። «ልወጣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ።»

«ቲቸር ንገሪኝ እንጂ!» አለች ፔይ እጇን እየጎተተች። «ሲ ነው?»

ሩዪ ወደ ልጅቷ ዞረች። አስተማሪ ናት፣ የተጠየቀችውን መመለስ ሥራዋ ነው።

«ሲ ነው» አለቻት። «ልክ ነሽ። ስልክ አልነበረውም።»

«አውቄዋለሁ! ቀላል ነበር እኮ። እስካሁን ከጠየቅኳቸው አንድም የተሳሳተ የለም» ብላ ፔይ እየዘለለች ሄደች።

ባይሻን ቦርሳውን ከመሬት አነሳ። ከመንገዱ ማዶ ወደ ሄኮ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሳይቸኩል ተሻገረ፣ ተሳፈረ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ሩዪ ልትጠራው አፏን ከፈተች። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ከሱ ጋር ስታወራ የኖረች ሴት፣ የምታነበው ወረቀት በእጇ ስላልነበረ አንዲት ቃል አጣች።